አንደኛ ያወጣኋት ዘፈን

ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብበት አንድ ካፌ አለ። አራት አንዳንዴም አምስት ሆነን፣ ፀጉራችን ወደኋላ ሸሽቶ ቦርጫችን ወደፊት ገፍቶ፣ አንድ ጠረጴዛ ከበን የድሮ ዘፈን ጥያቄና መልስ እንጫወታለን። የተሸነፈ ማኪያቶ ይጋብዛል። እኔ ብዙ ጊዜ ጋባዥ ነኝ፤ የማላውቀውን በድፍረት መመለስ ልማዴ ስለሆነ።

ባለፈው አንዱ እንዲህ ብሎ ጠየቀ። «በደርግ ጊዜ በአድማጮች ምርጫ ሁለት ዓመት ተከታትላ አንደኛ የወጣች ዘፈን?»

ሁላችንም ስሟን አንድ ላይ ጠራን። ይቺማ ቀላል ናት። ክርክሩ የተነሳው «ግን ለምን እሷ?» ሲባል ነው። አንዱ ግጥሟ ነው አለ። አንዱ መግቢያዋ ላይ ያለው ሳክስፎን ነው አለ። ሦስተኛው፣ ስለ ዝናብ ብታወራው እንኳ ዞሮ ዞሮ ፖለቲካ ላይ የሚያርፍ ሰው ነው፣ «ሕዝቡ የልቡን የሚናገረው በሷ ነበር» አለ። እኔ ስኳሬን አማስል ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ እያወቅሁ ዝም የምለው በዚህ ጥያቄ ብቻ ነው።

አንደኛ ያወጣኋት እኔ ነኝ። በሰማያዊ፣ በቀይና በአረንጓዴ እስክርቢቶ። ስሟን እዚህም አልጽፈውም፣ የዘፋኙንም አልጠራም። ሰውየው እስከዛሬ በድምፁ አንደኛ የወጣ ይመስለዋል፤ በዚህ ዕድሜው ከእንቅልፉ ባልቀሰቅሰው ይሻላል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከወንድሜ ጋር ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ሰርቪስ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ትልቁ ቤት የእትዬ ነው። እትዬ የግቢው ባለቤት ነበሩ፤ የትርፍ ቤት አዋጁ ሲወጣ ትልቁ ቤት ለሳቸው ቀርቶ ሰርቪሱ የመንግሥት ሆነ። ስለዚህ ኪራዩን ለቀበሌ፣ ሰላምታውን ለእትዬ እንከፍላለን።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። በመልክም፣ በቁመትም፣ በእንግሊዝኛም ይበልጠኛል፤ በትንሹ የበለጠኝ በዕድሜ ነው። እንጀራው ማስተማር ነበር፣ ፍቅሩ ግን ደረጃ። የዘፈን ደረጃ። ሁለት ደብተር ነበረው። በአንዱ ከአጭር ሞገድ እየለቀመ የፈረንጆቹን የሳምንቱ ሃያ ዘፈን ይጽፋል። በሌላው የኛን ይጽፋል። የኛ ማለት እሁድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ላይ የሚቀርበው የአድማጮች ምርጫ ነው። ሰው በፖስታ ዘፈን ይመርጣል፤ አቅራቢው መጀመሪያ የመራጮቹን ስም ከነሰፈራቸው፣ ለማን እንደመረጡም ጭምር ያነባል፤ ከዚያ ዘፈኑ ይለቀቃል። በየወሩ መጨረሻ ብዙ ደብዳቤ የመጣለት ዘፈን ይነገራል፤ በእንቁጣጣሽ ደግሞ የዓመቱ።

ለዳቦ ስንሰለፍ ይፈትነኛል። የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ አጥር ታክኮ ይሄዳል፣ ከጥግ ይታጠፋል፣ ከዚያ ወዲያ ሰው ይኑር ግንብ አይታወቅም። ስለዚህ ጊዜ ሞልቶናል።

«ባለፈው ጥር አንደኛ ማን ነበረች?»

እመልሳለሁ።

«ተሳሳትክ። ስንት ሳምንት ቆየች?»

«የተሳሳትኩትን ዘፈን ነው ወይስ ትክክለኛዋን?»

«ሁለቱንም።»

የተሸነፈ የላምባውን ጄሪካን ተሸክሞ ይመለሳል። ትከሻዬ የጎበጠው በንባብ ነው እያልኩ ለሰው አወራለሁ፤ በላምባ ነው።

የሚገርመው ወንድሜ አንደኛ የወጡትን አይወድም። ያውቃቸዋል እንጂ አይወዳቸውም። «አንደኛማ የሁሉም ሰው ነው፣ አውቶብስ ላይም ትሰማዋለህ» ይላል። እሱ የሚወደው አንድ ጊዜ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛ ወጥተው በሚቀጥለው ወር የሚጠፉትን ነው። ከነሱ ውስጥ አንዷ፣ ያቺ በሳክስፎን የምትጀምረው፣ «የኛ» ነበረች። ጢሙን ሲላጭ ሳክስፎኑን በአፉ ይነፋል፣ እኔ ጫማዬን እየቦረሽኩ ከበሮውን በብሩሹ እንጨት እመታለሁ። ከኛ በቀር ማንም የማይዘፍናት ዘፈን ነበረች። «ይቺን አንድ ሰው እንኳ አይመርጣትም፣ ተመስገን» ይል ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጃኬቱን ሳይለብስ ወጣ፣ አልተመለሰም። በዚያ ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ሁለት አስተማሪዎች ተወስደው ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ እያለፈኝ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ወደ ምሥራቅ ወጥቷል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምንም። መኖሩንም መሞቱንም የሚነግረኝ አልነበረም።

ቀበሌ ጠሩኝና የት ሄደ አሉኝ። «ጅማ ሥራ አግኝቶ» አልኩ። ለምን ጅማ እንዳልኩ ዛሬ ድረስ አላውቅም። ሊቀ መንበሩ ቡና እየጠጣ ነበር፣ ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ሻይ ቢጠጣ ኖሮ ወንድሜን የሻይ ቅጠሉ አገር ጎሬ እሰደው ነበር።

ሁለት አልጋ ባለበት ክፍል ብቻዬን መተኛት ጀመርኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለታችን ሳለን በክርን እየተገፋፋን ነበር የምንለብሰው። እሱ ሲሄድ ቁምጣ ለብሼ ብሮጥባት የማታልቅ ሆነች። አልጋውን ጠዋት ጠዋት አነጥፍለታለሁ፣ ማንም ያልተኛበትን። ሰልፍ ላይ ራሴን እጠይቃለሁ። ራሴን ጠይቄ ራሴ እሸነፋለሁ፣ ላምባውንም ያው እኔ እሸከማለሁ።

አንድ እሁድ የአድማጮች ምርጫ እየሰማሁ ሐሳብ መጣልኝ። ምሥራቅ ማለት ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ወዲያ ጅቡቲ ነው። ባቡር ላይ የሚሠሩ ሰዎች፣ የኛ ሬዲዮ ጅቡቲ ላይ ከጎረቤት ክፍል የሚመጣ ያህል ይሰማል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ወንድሜ በሕይወት ካለ እሁድ እሁድ ሬዲዮ አያልፈውም። ያቺን ዘፈን ደግሞ ከኔ ሌላ ማን ይመርጣታል? ከተለቀቀች ያውቃል። አለሁ፣ አልረሳሁህም፣ እየፈለግሁህ ነው ማለት ነው።

ስሜን ግን ልጽፍ አልችልም። የሱም የኔም የአባት ስም አንድ ነው፤ ሰው የጠፋበት ሰው ስሙን በሬዲዮ አያስጠራም። ስለዚህ አንዲት ነርስ ፈጠርኩና የቦሌ ነዋሪ አደረግኋት። ዘፈኗን መረጠች። አልተለቀቀችም። በሚቀጥለው እሁድም፣ በሚቀጥለውም። አንድ ደብዳቤ ማንንም እንደማያነቃንቅ ገባኝ። በሦስት ወር ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ሆንኩ።

የናዝሬቷ አስተማሪ በግራ እጄ ነው የምትጽፈው፤ ተማሪዎቿን ባሰብኩ ቁጥር አዝንላቸዋለሁ። የድሬዳዋው ልብስ ሰፊ በአረንጓዴ እስክርቢቶ ይጽፋል፣ ትንሽ ጉረኛ ነው። የአሰቡ ወደብ ሠራተኛ ፊደሉ ይወላገዳል፤ እሱን ለመጻፍ ተቸግሬ አላውቅም፣ የራሴ የእጅ ጽሕፈት ነው። አንዳንዴ ማታ ላይ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ክፍሏ ውስጥ አሉ ብዬ አስብና ደስ ይለኛል። አንዳቸውም ግን ላምባ አይሸከሙም።

ችግሩ የፖስታ ማኅተም ነበር። የአሰብ ሰው ደብዳቤ በአዲስ አበባ ማኅተም ከመጣ ማን ያምናል? እዚህ ላይ ሥራዬ ደረሰልኝ። መገናኛን አለፍ ብሎ በነበረ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። መገናኛ ያኔ የከተማው ጫፍ ነው፤ ዛሬ ሰሚት የሚባለው ሰፈር ጤፍ ይታጨድበት ነበር። ሾፌሮች መንገድ ከመውጣታቸው በፊት ወረቀታቸውን የሚቀበሉት በኔ መስኮት ነው። ከነሱ አንዱ፣ ተሳቢ የሚነዳ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጣላበት ሾፌር ነበር። ማንበብ አይችልም፤ መነጽሬን ረስቼ ነው ይላል እንጂ መነጽር ኖሮት አያውቅም። ፖስታዎቹን ለሱ እሰጠዋለሁ።

«ይቺ የት ትጣል?»

«ናዝሬት።»

«ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ነበረች።»

«ያቺ ሌላ ናት።»

«ይቺስ?»

«አሰብ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከላይ እስከ ታች ለማየት ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። «በዚህ ቁመና?»

«ቁመናዬን አላዩትማ። በደብዳቤ ነው።»

«እሱ ይሻልሃል» አለና ፖስታዎቹን የፀሐይ መከላከያው ውስጥ ሰካቸው።

ወሬው ጋራዡን አዳረሰ። በየክፍለ ሀገሩ ሴት ያለው የመዝገብ ቤት ልጅ። ምሳ ሰዓት ላይ ሾፌሮች ምክር ሊጠይቁኝ ይመጡ ጀመር። እኔ በሕይወቴ አንዲት ሴት ሻይ ጋብዤ አላውቅም፤ አንዷን ለመጋበዝ አስቤ ልምምድ ሳደርግ አግብታ ወልዳለች። ቢሆንም ምክር ሰጠሁ። ሁለቱ አገቡ፣ በኔ ምክር መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።

በአራተኛው ወር ዘፈኗ ተለቀቀች። እትዬ ቤት ነበርኩ። የሳቸው ሬዲዮ በእንጨት ሳጥን ያለ፣ እንደ ቁም ሣጥን የሚወለወል ትልቅ ሬዲዮ ነው፤ የኔው ሬዲዮ ባትሪ ድንጋዩን ሲጨርስ እሳቸው ጋ ሄጄ እሰማለሁ። አቅራቢው የናዝሬቷን አስተማሪ፣ የድሬዳዋውን ልብስ ሰፊ፣ የአሰቡን ወደብ ሠራተኛ፣ አንድ በአንድ ጠራቸው። እንደ ወላጅ ኮራሁ። ሳክስፎኑ ሲገባ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ይቺን ወንድምህ ሲላጭ ያንጎራጉራት የለ?» አሉ እትዬ።

«አዎ እትዬ።»

«ጅማ ሬዲዮ በደንብ ይሰማል?»

«ይሰማል ይላሉ።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው» አሉና ጥልፋቸውን ቀጠሉ። ወደኔ አላዩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላሰብኩበትም ነበር። ለካ ዘፈን ሁለት ሦስቴ ከተሰማ ሰው ይወደዋል። አንድ እሁድ ከመራጮቹ ውስጥ የኔ ያልሆኑ ሁለት ስሞች ሰማሁ። ከፍቼ የያዝኩትን የወንድሜን ደብተር ዘጋሁት። እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ተናደድኩ፤ ማን ፈቀደላቸው? በሚቀጥለው ወር ሰባት ሆኑ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ታክሲ ውስጥ ትጮሃለች፣ ቦሌ መንገድ ላይ ያለው ኬክ ቤት ጠዋት ጠዋት እሷን ይከፍታል፣ ሰርግ ላይ ሙሽሮች ይጨፍሩባታል፣ የቀበሌው ኪነት ቡድን ሳክስፎን ስለሌለው መግቢያዋን በክራር ይሠራታል። በእንቁጣጣሽ የዓመቱ አንደኛ ተባለች። መሥሪያ ቤት ሁሉም ሲያወራ ጮክ ብዬ ልናገር ዳር ዳር አልኩ፤ ሕይወቴን ሙሉ አንደኛ የሆንኩበት ነገር እሱ ብቻ ነው፣ እሱንም ለማንም መንገር አልችልም።

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እየበዛች በሄደች ቁጥር ወንድሜ የመስማቱ ነገር እየቀረበ የመጣ መስሎኝ አሥራ ሁለቱንም ሳላሳርፍ አስጻፍኳቸው።

በሁለተኛው ዓመት ሾፌሩ መሠረተ ትምህርት ጨረሰ። የምስክር ወረቀቱን ታክሲ ውስጥ እንደሚለጠፍ ፎቶ ተሳቢው ላይ ለጥፏል። መስኮቴ ላይ ቆሞ ፖስታውን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

«ለ… ሬ… ዲ… ዮ…» አለ። ሌላውን አየ። «ለሬዲዮ…» ሦስተኛውን አየ። ሦስቱንም መስኮቱ ላይ ደረደራቸው።

«ሴትየዋ ሬዲዮ ናት?» አለኝ በዝቅተኛ ድምፅ።

«ዘፈን ነው የምመርጠው» አልኩ።

«ለማን?»

«ለወንድሜ። ጅማ ነው።»

«ጅማ ላለ ሰው በድሬዳዋ ፖስታ ቤት?»

ኋላዬ ያለው ጸሐፊ እየሰማ እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። ሾፌሩም አየ። ከዚያ ፖስታዎቹን እንደ ድሮው ሰብስቦ፣ «እነዚህ ሴቶች ይገድሉሃል አንተ ልጅ» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማው። ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠይቆኝ አያውቅም።

ደብዳቤው የመጣው በሱ እጅ ነው። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወረቀቱን ሊቀበል መጥቶ፣ በመስኮቱ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ነገር አንሸራተተልኝ። ቴምብር የለውም። «ዛሬ ደግሞ ላንተ መጣ» አለኝ። ድሬዳዋ ላይ አንድ የባቡር ሠራተኛ የድርጅታችንን መኪና አይቶ፣ የመዝገብ ቤቱን ልጅ ታውቀዋለህ ወይ ብሎ ሰጥቶታል። «መልስ አድርስ እንዳትለኝ። ሰውየው ጡረታ ወጥቷል፣ የመጨረሻ ጉዞው ነበር። የት እንደሚኖርም አልነገረኝም።»

መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ነበር። የወንድሜ ጽሕፈት። ሕያው ነው። ጅቡቲ ዳቦ ቤት ውስጥ እንደሚሠራ፣ ሙቀቱ ከምድጃውም ከሰማዩም እንደሚመጣ ጽፏል። ከዚያ እንዲህ ይላል።

«እሁድ እሁድ አንድ የየመን ሰው ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሬዲዮ እሰማለሁ። ያቺን ዘፈናችንን አበላሹብን። አንደኛ አደረጓት። አንድ የአሰብ ወደብ ሠራተኛ የሚባል አለ፣ በየሳምንቱ እሷን ነው የሚመርጠው፣ ሥራ የለውም እንዴ? ሳክስፎኑ ሲጀምር ጥዬ እሄዳለሁ። የመራጮቹን ስም ግን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ፣ ያንተ ይኖር እንደሆነ ብዬ። አንድም ቀን የለም። ፈርተህ ከሆነ ልክ ነህ፣ አልቀየምህም። ረስተኸኝ ከሆነ ግን እንዳውቀው አድርግ፣ እኔም እሁዴን ሌላ ነገር ልሥራበት።»

እዚያው ቆሜ ሳቅሁ። የወደብ ሠራተኛው እኔ ነኝ። ስስቅ ድምፄ ተበላሸብኝና ቧንቧውን ከፈትኩት። ውኃ አልነበረም፣ ስለዚህ ድምፁ ሁሉ የኔው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በአሥራ ሁለት ሰው አፍ ስጠራው፣ እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ስም ሲጠብቅ ኖሯል። ሞቷል ብዬ የፈራሁት ሰው፣ እኔን ረሳኝ ብሎ ሱቅ በር ላይ ቆሟል። የምመልስበት መንገድ ደግሞ ያው አንድ ሬዲዮ ብቻ ነው።

ማታ ላይ አሥራ ሁለቱንም አሰናበትኳቸው። በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ በራሴ ጽሕፈት፣ የራሴን ስም ከነአባቴ ጻፍኩ። ከቦሌ፣ ጅማ ለሚገኘው ወንድሜ። ቀበሌ እንዲያ ብያለሁ፣ ሬዲዮም እንዲያው ይበል። ስሜን ከሰማ ጅማ ያለው እሱ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ትምህርት አያስፈልገውም። ዘፈን የሚለው ቦታ ላይ እጄ ልማዱን ጻፈ፣ ያቺኑ።

እሁድ እትዬ ቤት ተቀመጥኩ። አቅራቢው ጀመረ፣ አንድ ስም፣ ሁለት፣ አምስት፣ ስምንት። «…እና ስማቸውን ዘርዝረን የማንጨርሳቸው እጅግ ብዙ አድማጮቻችን» አለና ሳክስፎኑ ገባ። የማይጨረሱት ውስጥ ነኝ። በሚቀጥለው እሁድም የማይጨረሱት ውስጥ ነበርኩ። በሦስተኛውም። ጅቡቲ ላይ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ስም ሲያዳምጥ፣ ሦስት ጊዜ ጥሎ ሲሄድ ታየኝ።

እትዬ ራሴን ይዤ ሲያዩኝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስምህን ነው የምትጠብቀው?»

«አዎ።»

«ሰልፉ ረዝሞብህ ነዋ። ዳቦ ስትሰለፍ ከጥግ ወዲያ ከታጠፈ ምን ታደርጋለህ?»

«እጠብቃለሁ።»

«አየህ፣ ለዚህ ነው ዳቦ ሳትይዝ የምትመጣው። እኔ ማንም ወደማይገባበት ሱቅ ነው የምሄደው። ያለውን ይዤ እመጣለሁ።»

ያን ሌሊት ብቻ አይደለም፣ ያን ሳምንት ሙሉ አሰብኩ። ማንም የማይገባበት ሱቅ የቱ ነው? ፍቅር ይመረጣል፣ ናፍቆት ይመረጣል፣ እንጉርጉሮም መራጭ አለው። በመጨረሻ ሰኞ ጠዋት ከዜና በፊት መጣልኝ። ዜና ከመጀመሩ በፊት የምትለቀቅ የማርሽ ባንድ ሙዚቃ አለች። ግጥም የላትም። ነሐስና ከበሮ ነው፣ ቡም ቡም። እስካሁን አንድ የሰው ልጅ ተነስቶ ለወዳጁ መርጧት አያውቅም። ሙሉዋን የሰማትም ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። እሷን መረጥኩ። ምክንያቱን ጻፉ ስለሚሉ «በሥራው ትጋት እንዲበረታ» አልኩ፤ ዳቦ ቤትም ሥራ ነው።

እሁድ መጣ። እትዬ ሬዲዮውን አስቀድመው ከፍተው፣ ለኔ ወንበር አስጠግተው ጠበቁኝ። ከመሃል ላይ አቅራቢው ቆም አለ። ወረቀት ገለበጠ።

«አሁን የምናቀርበው» አለ፣ «በዚህ ዝግጅት በአድማጭ ሲመረጥ የመጀመሪያው የሆነ ዜማ ነው።» ስሜን ጠራ። ከነአባቴ፣ ቀስ ብሎ፣ ጓድ ብሎ። ከቦሌ፣ አለ። ጅማ ለሚገኙት ወንድማቸው፣ በሥራቸው ትጋት እንዲበረቱ፣ አለ። ነገሩ በጣም ስለገረመው መሰለኝ፣ ስሜን ደገመው። ሌላ ስም አልነበረም።

ማርሹ ጀመረ። ዜና ሲቀድም ሰላሳ ሴኮንድ ነው የምትሰማው፤ ለካ ሙሉዋ ማለቂያ የላትም። ሁለት ጊዜ አለቀች ብዬ ተንቀሳቀስኩ፣ ሁለት ጊዜ ከበሮው ተመለሰ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ጎረቤት፣ «ምን ተፈጠረ? አዋጅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ይሰማል። እትዬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳሉ ሁሉ፣ ንቅንቅ ሳይሉ ሰሙ። እኔ የየመኑን ሰው ሱቅ በር ነበር የማየው። በዚያ ሙቀት ቆሞ፣ ማርሽ እየሰማ፣ ሱቅ ጠባቂው እብድ ነው እያለ እያየው። ይስቅ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አጠገቡ ብሆን ከበሮውን በብረቱ በር ላይ እመታለት ነበር።

ማክሰኞ ቀበሌ ጠርተው አመሰገኑኝ፣ የውይይት ክበቡንም እንድመራ አደረጉኝ። መሥሪያ ቤት ሰው ከኔ ጋር ምሳ መብላት ቀነሰ፤ ማርሽ ከሚመርጥ ሰው ጋር ማን ያወራል። ሾፌሩ ብቻ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ሰማሁ» አለኝ፣ «መኪና አቁሜ ነው የሰማሁት።» ድሬዳዋ በሄደ ቁጥር ጣቢያው ደጃፍ ትንሽ ይቆማል፣ የሚያናግረው ሰው ይመጣ እንደሆነ ብሎ። አልመጣም። ከወንድሜ ሁለተኛ ደብዳቤ አላገኘሁም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ጅቡቲ ሄጄ ዳቦ ቤቶቹን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። አንዱ ጋ፣ እንዲህ ያለ ረጅም ሐበሻ ነበረ፣ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሄደ አሉኝ። በየት አቅጣጫ ብል አላወቁም። ማርሹን ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ፣ ያን እሁድ ሱቁ ተከፍቶ ይሁን ተዘግቶ፣ የምጠይቀው ሰው የለም።

ያን ቀን ግን ማርሹ በመጨረሻ አለቀ። እትዬ፣ «ጨረሰ?» አሉኝ። ጨረሰ አልኳቸው። አቅራቢው ጉሮሮውን ጠረገ፣ የስሞች ጋጋታ አነበበ፣ የማይጨረሱትንም አመሰገነ። ሳክስፎኑ ገባ። የዓመቱ አንደኛ። ከወንበሬ ተነሳሁ፣ እትዬን ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ ዘፈኗ ሳታልቅ ጥያት ወደ ግቢው ወጣሁ።